ወንፊት ያውሱኝ

እማማ ወንፊት ስማቸውን ያገኙት በድሮው ሰፈር ነው። ሙያቸው ልብስ ስፌት ስለነበር ቅጽል ስም ቢወጣላቸው መርፌ ወይም መቀስ መሆን ነበረበት። ሰፈር ግን ስም ሲያወጣ ማንንም አያማክርም። ሴትዮዋ በሳምንት ሁለት ቀን የአንዱን በር አንኳኩተው «ወንፊት ካላችሁ አንዴ አውሱኝ» ስለሚሉ ወንፊት ሆነው ቀሩ። ስሙን ሲሰሙ ይስቁ ነበር እንጂ አንድ ቀን ተቀይመው አያውቁም።

በእሳቸው ፋንታ የምትቀየመው ልጃቸው ነበረች። ያለቻቸው እሷ ብቻ ናት፤ አባቷ የሞተው ገና ጡት ሳትጥል ነው። ወንፊቱን ሄዳ የምታመጣው እሷ፣ ዱቄቱ ሲነፋ አራግፋ የምትመልሰው እሷ፣ «የወንፊት ልጅ መጣች» የምትባለውም እሷ። ዕቃው ደግሞ ባዶውን አይመለስም። ወይ አንድ ትኩስ ዳቦ ይቀመጥበታል፣ ወይ የዚያ ቤት ልጅ የተቀደደ ሱሪ ተጥፎ ተጣጥፎ ይሄድበታል። ስምንት ዓመት ሲሞላት ሆዷ አልችል ብሎ «እማዬ፣ ለምን የራሳችንን አንገዛም?» አለች። እናት እግራቸውን ከስፌት መኪናው ሳያነሱ «ይገዛል፣ ልጄ፣ ይገዛል» አሉ። ወንፊቱ ሳይገዛ ልጅቷ አደገች።

አድጋ ተማረች፣ ፋርማሲስት ሆነች፣ በአንድ ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ የራሷን ቤት ያዘች። ቤት ስትይዝ የሰው ዕቃ አልዋስም ብላ በልጅነቷ የማለችውን መሐላ አልረሳችም። ካውያ ሁለት ገዛች። መሰላል አንድ ረጅም አንድ አጭር፣ ካቻቢቴ ከነሙሉ ሳጥኑ፣ በወጥ ቤቱ ግድግዳ ላይ ደግሞ ከትልቅ እስከ ትንሽ ሦስት ወንፊት በተርታ ተሰቀለ። የሰው በር ላለማንኳኳት የገዛችው ዕቃ ብዛት ራሷን መተላለፊያ አሳጥቷት ነበር። ክፉ ሆና አይደለም። ሰውን አለማስቸገር ከጨዋነት ሁሉ የሚበልጥ ጨዋነት መስሏት ነው፤ በዚያ ሕንፃ ውስጥ ያለው ሰውም ሁሉ እንደዚያው ያስባል። በመድኃኒት ቤቷ መስኮት በኩል የጎረቤቶቿን ደም ግፊትና ስኳር አንድ በአንድ ታውቃለች። የአንዳቸውን ሳሎን ግን አይታ አታውቅም።

ከዕለታት አንድ ቀን የድሮው ሰፈር ለመንገድ ማስፊያ ፈረሰ። ጎረቤቱ ሁሉ ክሩ እንደተበጠሰ ዶቃ ተበተነ። እማማ ወንፊትም አንድ ቆርቆሮ ሳጥንና የእግር ስፌት መኪናቸውን ይዘው አራተኛ ፎቅ ወጡ፤ ስልሳ ስምንት ዓመታቸው ነበር።

በመጀመሪያው ሳምንት ዝም ብለው አዳመጡ። የሕንፃው ሰው ደረጃ ላይ ሲገናኝ «ደህና አደሩ» ይላል፤ እግሩ ግን አይቆምም። ፊት ለፊታቸው የሚኖረው ከፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ጡረታ የወጣ፣ ሚስቱ የሞተችበት ሰውዬ ነው። ገብቶ በሩን ሲዘጋ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ ይላል። እማማ ወንፊት ሳምንቱ ሳያልቅ «ሦስት ቁልፍ» ብለው ስም አወጡለት። «እኔስ የሰው ነገር ፈርቼ አንድ እቆልፋለሁ» አሉ ለልጃቸው። «ይኼ ሰውዬ ሁለቱን ትርፍ የሚቆልፈው ለማን ነው?»

«ተይው እማዬ፣ የራሱ ጉዳይ ነው።»

«ሰው ለሰው መድኃኒቱ ነው ሲባል አልሰማሽም? አንቺ ደግሞ መድኃኒት ሻጭ ነሽ።»

«እሱን መድኃኒት እኛ ጋ አንሸጥም» ብላ ቦርሳዋን አንጠልጥላ ወጣች።

በሁለተኛው ሳምንት እማማ ወንፊት ሥራ ጀመሩ። ልጃቸው መድኃኒት ቤት ስትውል እሳቸው ደረጃ ሲወርዱና ሲወጡ ይውላሉ። አንደኛ ፎቅ ካለው ሾፌር ካቻቢቴ ተዋሱ። ሁለተኛ ፎቅ ካሉት አዲስ ተጋቢዎች መሰላል ተዋሱ። ሦስተኛ ፎቅ ካለችው ነርስ ካውያ፣ ከሦስት ቁልፍ ደግሞ፣ መቼስ ምን እንደሆነ ይታወቃል፣ ወንፊት። በር ሲከፈት ዓይናቸው ከእግራቸው ቀድሞ ይገባል። «ይኼ መጋረጃ እኮ መሬት ይጠርጋል፤ ስጪኝና ላሳጥረው» ይላሉ። መሰላሉ ሲመለስ መጋረጃው አብሮት ተቀምቅሞ ይመለሳል። ካውያው ሲመለስ የነርሷ ነጭ ጋዋን ዚፑ ተቀይሮ ይመለሳል። ሦስት ቁልፍ በሩን ጭላንጭል ብቻ ስለከፈተ ለማየት የቻሉት የሹራቡን ክርን ነበር፤ እሱም ተቀዷል። ወንፊቱን ሲመልሱ አንድ ጥቅልል ግራጫ ክር አስቀምጠውበት «ክርንዎን ሲመችዎ ያምጡልኝ» አሉት። ሰውዬው ክሩን ተቀብሎ ግራ ተጋብቶ ቆመ። ክርኑን ግን አላመጣም።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው እንደሚባለው፣ ይህን ሁሉ ሕንፃው ሲያውቅ ያላወቀችው ልጃቸው ብቻ ነበረች። እማማ ወንፊትም አልዋሹም፤ ያልተጠየቁትን አልተናገሩም። ልጅቷ ያየችው እናቷ ጉንጫቸው መሙላቱንና ማታ ማታ እየዘፈኑ ዕቃ ማጠባቸውን ነው። ቤቱ ተስማማቸው ብላ ደስ አላት።

አንድ ቅዳሜ ከሥራ ስትመለስ ደጃፏ ላይ ትልቅ ካርቶን ተቀምጦ አገኘች። ከላዩ አንዲት ወረቀት ተለጥፋለች፦ «ለእናታችን። ችግር የሁሉም ነው። ጎረቤቶችዎ።» ከፈተችው። ካውያ አለ። ካቻቢቴ አለ። ድስት፣ ቢላዋ፣ ታጣፊ መሰላል፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ጠርዙ በአሮጌ ጨርቅ የተጠቀለለ ወንፊት አለ። ስልኳን አውጥታ ድምፁን ዘግታ የተወችውን የሕንፃውን ግሩፕ ፈልጋ አነበበች። ጽሑፉ የሦስት ቁልፍ ነበር፤ ሰውዬው ጡረታ ቢወጣም ቋንቋው ጡረታ አልወጣም። «በአራተኛ ፎቅ ነዋሪ የሆኑ አንዲት እናት መሠረታዊ የቤት ዕቃ ያልተሟላላቸው መሆኑ በተደጋጋሚ ስለተረጋገጠ፣ ልጃቸውም ሥራ ያላት ብትሆንም ለጊዜው ያልተመቻት በመሆኑ፣ ክብራቸውን በማይነካ ሁኔታ እንድንተባበር አሳስባለሁ።» ከሥሩ አሥራ አንድ ሰው ልብ ልኳል።

መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። ካርቶኑን እየገፋች አስገባችና በሩን ዘጋች።

«እማዬ፣ ሦስት ወንፊት ተሰቅሎ እያለ ወንፊት ስትለምኚ ነው የከረምሽው?»

«አልለመንኩም። ተዋስኩ እንጂ።»

«ለነሱ ልዩነት አለው? እይው! እናቷን ዕቃ የምታስለምን ልጅ አደረግሽኝ። በልጅነቴ ያዋረድሽኝ አልበቃ ብሎ እዚህም ተከትሎኝ መጣ።» የመጨረሻዋን ከአፏ ካወጣች በኋላ ልትመልሳት ፈለገች፤ የወጣ ቃል ግን አይመለስም። ስለዚህ ባሰባትና «ከእንግዲህ የማንንም በር እንዳታንኳኪ» አለች።

እማማ ወንፊት ካርቶኑ አጠገብ ወንበር ስበው ተቀመጡና ዕቃውን አንድ በአንድ እያነሱ አዩት። «ሁሉንም ሰጡኝ?» አሉ።

«ሁሉንም።»

«ለሁልጊዜ?»

«አዎ፣ ለሁልጊዜ።»

ወንፊቱን ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡት። «እንግዲህ ምን ብዬ ላንኳኳ?» አሉ ቀስ ብለው፤ ለልጃቸው ሳይሆን ለወንፊቱ የሚነግሩት ይመስል ነበር።

ከዚያ በኋላ በር አላንኳኩም። እንደ ልጅ ሳይሆን እንደ ወታደር ታዘዙ። ጠዋት ወንበራቸውን መስኮቱ አጠገብ ያስቀምጣሉ፣ ማታ ያነሱታል። የስፌት መኪናው ላይ አቧራ ተቀመጠ። ዘፈኑ ቀረ። የሚቀርብላቸውን ሁለት ጊዜ ጎርሰው «ጠገብኩ» ይላሉ፤ ቀሚሳቸው ከትከሻቸው እየወረደ መጣ። ሦስት ሳምንት ሲሆን ልጃቸው ደንግጣ ክሊኒክ ወሰደቻቸው። ዶክተሩ ሁሉንም መረመረ።

«እናቴ፣ ደምዎም፣ ስኳርዎም፣ ልብዎም ደህና ነው» አላቸው። «ቀን ቀን ከማን ጋር ነው የሚውሉት?»

«ከመስኮት ጋር» አሉ።

ዶክተሩ ቫይታሚን አዘዘ። ፋርማሲስቷ የመድኃኒት ማዘዣ ማንበብ ሥራዋ ነውና፣ ይህ ወረቀት ምንም እንደማይፈውስ ገና ከክፍሉ ሳትወጣ አወቀች።

ወደ ቤት ሲመለሱ እማማ ወንፊት ሐሳባቸውን ተናገሩ። የእህታቸው ልጅ ሩቅ ከተማ ትኖራለች፤ ግቢ ቤት ነው፣ ጎረቤት በአጥር ላይ ይነጋገራል። እሷ ጋ ይሄዳሉ። አልተቆጡም፣ አልተቀየሙም፤ ይህንንም ሦስት ጊዜ ደጋግመው ነገሯት። ልጅቷ ለመነች፣ አኮረፈች፣ እንደገና ለመነች። እናት ግን ቆርጠዋል፤ ለሐሙስ የአውቶቡስ ቲኬት ተቆረጠ። ያሏት አንድ እናቷ ከእጇ ላይ ሊያመልጧት ነው፤ ደህና አድርጌ እይዛቸዋለሁ ካለችበት ቤት።

ማክሰኞ ቀደም ብላ ከሥራ ወጥታ ቆርቆሮ ሳጥኑን ልታስተካክልላቸው ከፈተችው። ከላይ ነጠላና ቀሚስ ነበር። ከሥሩ የእሷ የሕፃንነት ኮፍያ። ከኮፍያው ሥር ደግሞ ቢጫ በሆነ ጋዜጣ የተጠቀለለ ክብ ነገር አገኘች። ፈታችው። ወንፊት ነው። ሽቦው ያብለጨልጫል፣ የእንጨቱ ጠርዝ አልቆሸሸም፣ የሱቁ ወረቀት እንኳ እንደተለጠፈበት ነው። አንዲት ቅንጣት ዱቄት ነክቶት አያውቅም።

«እማዬ፣ ይኼን መቼ ገዛሽው?»

እማማ ወንፊት ከመስኮቱ ዞር ብለው አዩት፤ ፊታቸው እንደ ተሰረቀ ሰው ሳይሆን ሲሰርቅ እንደተያዘ ሰው ሆነ። «አንቺ የስድስት ወር ልጅ ሳለሽ» አሉ።

ልጅቷ ሳጥኑ አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጠች። ሠላሳ ስድስት ዓመት። ያ ሁሉ ምልልስ፣ ያ ሁሉ «የወንፊት ልጅ»፣ ይህ ወንፊት ሳጥን ውስጥ ተቀምጦ ነው። «ታዲያ ለምን?» አለች፤ ድምፅዋ እንደ ስምንት ዓመት ልጅ ሆነባት።

«እዚያ ሰፈር ስገባ አንቺ ጀርባዬ ላይ ነበርሽ» አሉ እናት። «አባትሽ ከሞተ ሦስት ወሩ ነው። ማንም አያውቀኝም። ደህና አደራችሁ እላለሁ፣ ደህና ይሉኛል፣ በሩ ይዘጋል። ዳቦ ልስጣቸው አልኩ። ሰው ደግሞ ሳያውቅሽ ስትሰጪው ይፈራል፤ ምን ፈልጋ ነው ይላል። እና ምን አሰብኩ፣ ግድግዳ የምትጋራኝ ሴትዮ መጥታ መቀስ አውሽኝ ብትለኝ እንዴት ደስ ይለኝ ነበር አልኩ። እሷስ ሰው አይደለች? ደስ ሊላት ይችላል። ወንፊቱን ጠቅልዬ ሳጥን ውስጥ ከተትኩና ሄጄ አንኳኳሁ።»

«እሺ፣ ከተዋወቃችሁ በኋላስ?»

«ከተዋወቅን በኋላማ በምን ፊቴ ላውጣው? ቢያዩት ምን ይሉኛል?»

ልጅቷ ሳትፈልግ ሳቀች። እናትም ፈገግ አሉ። ከዚያ «ዕቃሽ ሰው ቤት ካለ፣ ያ ሰው ደህና እንዲያድር ትፈልጊያለሽ» አሉ። «አሥር ዓመትሽ ላይ ታምሜ የወደቅኩ ጊዜ ማን አገኘኝ? ወንፊቷን ልትወስድ የመጣችው ናት። ዘጠኝ ቀን ሆስፒታል ስተኛ አንቺ በእነማን ቤት አደርሽ?»

ዘጠኙን ቀን ልጅቷ አልረሳችም። በስድስት ቤት ነበር ያደረችው። የየቤቱ የውሃ ማሰሮ የት እንደሚቀመጥ ታውቅ ስለነበር ማንንም ሳትጠይቅ ቀድታ ትጠጣ ነበር። የየቤቱ ሴት «የወንፊት ልጅ» እያለች ፀጉሯን ሠርታታለች።

«ለምን አንቺን እልክሽ የነበረ ይመስልሻል?» አሉ እናት። «እኔ እግር የለኝም? እኔ ድንገት ብሞት የምታንኳኪው በር እንዲኖርሽ ነው። ሌላ የማወርስሽ አልነበረኝም።»

ፋርማሲስቷ ወንፊቱን ደረቷ ላይ አቅፋ አለቀሰች። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ውርደት ብላ የተሸከመችው ነገር ለካ ውርሷ ነበር። እናቷ እንባዋን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉላት፤ «ሽቦው ይዝጋል፣ አታልቅሺበት» አሉ።

ወንፊቱን ወደ ቦታው መልሳ ፊቷን ታጠበችና በሩን ከፍታ ወጣች። በሕንፃው በኖረችበት አምስት ዓመት ውስጥ የሰው በር ስታንኳኳ የመጀመሪያዋ ነበር። ጣቷን አንስታ መልሳ አወረደች፤ እንደገና አነሳች። ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ። ሦስት ቁልፍ ክርኑ የተቀደደውን ሹራብ እንደለበሰ ብቅ አለ።

«ጋሼ፣ ይቅርታ፣ ላስቸግርዎት። ወንፊት ያውሱኛል?»

ሰውዬው ግንባሩን ቋጠረ። «ካርቶኑ ውስጥ ወንፊት ነበር እኮ። የሰጠሁት እኔ ነኝ። ያለኝም እሱ ብቻ ነበር።» ቀጥሎም «የባለቤቴ ነው» አለ። «ከሞተች አራት ዓመት ማንም ነክቶት አያውቅም ነበር። እናትሽ መጥተው ሲጠይቁ ጊዜ... ሥራ ላይ ቢውል ይሻላል ብዬ ነው።»

«አይተናል፣ እግዜር ይስጥልን» አለች። «ግን እናቴ ዕቃ አልቸገራትም። እቤታችን ሦስት ወንፊት አለ። እናቴ የተቸገረችው የሚያንኳኳ ሰው ነው። ሐሙስ ልትሄድብኝ ነው።»

«የት?»

«ሩቅ።»

ሦስት ቁልፍ ቁልፎቹን እያገላበጠ ቆየ። «ታዲያ እኔ ምን ልርዳ?» አለ።

«እኔ እንጃ፣ ጋሼ። ብቻ ምናልባት የሚጎድልዎት ነገር ካለ...»

«ምንም አልጎደለኝም» አለ ሰውዬው ቶሎ ብሎ። ዕድሜውን ሙሉ ሲለው የኖረው ስለሆነ ሳያስብ ነው ከአፉ የወጣው። በሩ ተዘጋ፤ ሦስቱም ቁልፎች ዞሩ። ልጅቷ እግሯን እየጎተተች ተመለሰች፤ እናቷ ግን የት ሄደሽ ነበር ብለው አልጠየቋትም።

ረቡዕ ጠዋት ሻይ እየጠጡ ሳለ በሩ ተንኳኳ። ልጅቷ ልትነሳ ስትል እማማ ወንፊት ቀደሟት። ከሦስት ሳምንት ወዲህ እንደዚያ ፈጥነው ሲነሱ አላየቻቸውም። ደጃፉ ላይ ሦስት ቁልፍ ቆሟል፤ ፂሙን ተላጭቷል፣ ሹራቡን ክንዱ ላይ አጣጥፎ ይዟል።

«እንደምን አደሩ፣ እናቴ። ወንፊት ካለዎት ለዛሬ ቢያውሱኝ ብዬ ነው።» ሌሊቱን ሲለማመደው እንዳደረ ያስታውቃል።

«ምን ሊነፉ ነው?» አሉ እማማ ወንፊት።

ለዚህ ግን አልተዘጋጀም። «ዱቄት» አለ ካሰበ በኋላ።

«የምን ዱቄት?»

«ነጭ።»

ልጅቷ ሳቋን በሻይ ብርጭቆው ደበቀች። እናቷ ግን አልሳቁም። ሰውዬው እቤቱ አንዲት ኩባያ ዱቄት እንደሌለው ከሹራቡ አስተጣጠፍ እንኳ ያውቁ ነበር፤ ስለ ትውስት እሳቸው የማያውቁት ነገር የለም። «ይጠብቁኝ» ብለው ወደ ውስጥ ገቡ።

ግድግዳው ላይ ሦስት ወንፊት ተሰቅሏል፤ አለፏቸው። ካርቶኑ ውስጥ የሟች ሚስቱ ወንፊት አለ፤ እሱንም አለፉት። ልጅቷ የቆርቆሮው ሳጥን ክዳን ሲከፈት ሰማች። ሲመለሱ በእጃቸው የያዙት አዲሱን ነበር፤ ሽቦው እያብለጨለጨ፣ ውስጡ በላስቲክ የታሰረ አንድ ኪሎ ዱቄት ተቀምጦበት።

«አዲስ ነው» አለ ሰውዬው ተደናግጦ። «ባበላሸውስ?»

«ዕቃ ነው። ሹራቡን ይተውልኝ፤ ክርኑን እሠራዋለሁ።»

«መቼ ልመልስ? ነገ በማለዳ...»

እማማ ወንፊት ሹራቡን ተቀብለው ክርኑን ወደ ብርሃኑ አዙረው አዩት። «አይቸኩሉ» አሉ። «እኔ እዚሁ ነኝ።»

ልጅቷ ብርጭቆዋን አስቀምጣ ተነሳችና ከስፌት መኪናው ላይ አቧራውን ጠረገች።